ሞተሩ ይውረድ አይውረድ

ጭሱን መጀመሪያ ያየሁት እኔ አይደለሁም፤ አከራዬ ናቸው። አንድ ጠዋት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ከቤታቸው ብቅ አሉና «ልጄ፣ ይቺ መኪናህ ሳትታመም አልቀረችም» አሉኝ። ስድሳ ዓመት ያለፈውን ሰው «ልጄ» የሚል መገኘቱ ደስ ይላል። ሴትዮዋ ግን የመጡት ሊያጽናኑኝ ሳይሆን ገመድ ላይ ያሰጡት ልብስ ጭስ ጭስ ስላላቸው ነው። ሞተሯ እንደተነሣ ዞሬ ከመኪናዋ ኋላ ቆምኩ። እውነታቸውን ነው፤ ግቢው በጭስ ታፍኗል።

መስቀል ፍላወር፣ ከሆቴሎቹ ጀርባ ባለው በዚህ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ካዛንቺስ ተወልጄ፣ ካዛንቺስ አርጅቼ፣ ሰፈሩ ሲነሳ ነው የወጣሁት። ጎረቤቶቼ ተያይዘው ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። አንድ ሕንጻ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ ሆነው፣ ዛሬም የአንዱ ወጥ ለሌላው ይሸተዋል። እኔም አብሬያቸው መሄድ እችል ነበር። ያልሄድኩት ለመኪናዋ ብዬ ነው። እዚያ መኪና የሚቆመው ሜዳ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ይቺን መኪና ፀሐይና ዝናብ አስመትቻት አላውቅም። እዚህ ግቢ የቆርቆሮ ጥላ ነበረው። ጥላውን አየሁ፣ ቤቱን በቅጡ ሳላይ ተከራየሁ። በቃ፣ ሰው ትቼ ጥላ መረጥኩ። ሳወራው አሁንም እኔኑ ይገርመኛል።

መኪናዋ ጣሊያን ሠራሽ ናት። ሁለት በር፣ አፍንጫዋ ረዘም፣ ቁመቷ እጥር ያለ፣ የእሽቅድምድም ዘር። ነጭ ናት፤ ማለቴ ነጭ ነበረች፣ አሁን እርጎ መስላለች። አገር ሊለቅ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ላይ ነው የገዛኋት። ያኔ ቅያሪ ኮት የሌለኝ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። እናቴ «ቤት ሳትሠራ፣ ሚስት ሳታገባ፣ ቤተሰብ የማይገባባት መኪና» ብላ አኩርፋኝ ከረመች። ቤተሰብ አይገባባትም ያለችው እውነቷን ነው። የኋላ መቀመጫ አላት ይባላል እንጂ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ነው።

እንደዚያም ሆና የሰፈሩ የሙሽራ መኪና እሷ ሆነች። ማንም ተሰብስቦ አልወሰነም፤ እንዲሁ ሆነ። አንዱ ጎረቤት ልጁን ሲድር ለመነኝ፣ ሌላው ያንን አይቶ ለመነኝ፣ ከዚያ በኋላ ካዛንቺስ ውስጥ ያለ እሷ የተዳረች ልጅ እንዳልተዳረች ተቆጠረች። ሙሽሪትን ከኋላ ማስገባት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። የፊተኛው ወንበር ይታጠፋል፣ እሷ በጀርባዋ ትገባለች፣ ሚዜዎቹ ቬሎውን እንደ ቡኮ እየጠቀጠቁ ይከቱታል። ሙሽራው ተጣጥፎ አጠገቧ ይሸጎጣል። እኔ ሪባን በተወጠረበት ኮፈን ላይ አሻግሬ እያየሁ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ጡሩምባ እየነፋሁ፣ ሰልፉን መርቼ እስከ መስቀል አደባባይ። የሰፈሩ ሴቶች «ይህን ሁሉ ሙሽራ ስታመላልስ አንዷን እንኳ ለራስህ ሳታስቀር» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ሁልጊዜ አልስቅም ነበር።

ወጉ እንዲህ ነው። እኔ መኪናዬን ወስጄ አላቀርብም፤ እንዲህ ማድረግ መታየት መፈለግ ነው። ይጠይቁኛል። የሙሽሪት እናት ወይ አባት ቤቴ ይመጣሉ፣ ስለ ዝናቡ ስለ ኑሮው ይወራል፣ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው «መቼም አንተ አታሳፍረንም» ይላሉ። እኔም «ምን ቆርጦኝ» እላለሁ። አለቀ። ከዚያ በኋላ እነሱ ስለ መኪና አያስቡም፣ እኔ ሌላ ነገር አላስብም።

ካዛንቺስ ግድግዳ ለግድግዳ እንዋሰን የነበርነው ጎረቤቴ አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ደጃፍ ላይ ጥላ በቀጥታ መሪው ላይ ነበር የምትሰየመው። ቁልፍ አልሰጣትም፤ ሞተሩን የምታስነሳው በአፏ ነው። ማርሽ ስትቀይር ድምጿን ትቀይራለች፣ አቀበት ላይ ታቃስታለች። «ጋሼ፣ እኔ ስዳር በዚች ነው የምሄደው። ግን የምነዳው እኔ ነኝ» ትለኝ ነበር።

«ሙሽራ መሪ ይዛ አታውቅም» እላታለሁ።

«እኔ እይዛለኋ» ትላለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

እንግዲህ አከራዬ ስለ ጭሱ በነገሩኝ ሰሞን፣ የዚችው ልጅ ሰርግ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ቀን መቆረጡን ሰምቻለሁ። ሰፈሩ ተበትኗል። የአሁን ልጆች ረጅም ጥቁር መኪና ነው የሚከራዩት። ከእሷ በኋላ የእኔን መኪና የሚፈልግ ሙሽራ እንደማይኖር አውቀዋለሁ። የመጨረሻዬ ናት። እሷን መውሰድ ፈለግሁ፤ በዚያ ዓመት ከፈለግሁት ነገር ሁሉ አብልጬ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ ጭሱ ቀልድ አልነበረም። ወደ ደምበል መሄጃ ያለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ መዳፉን ከጭስ ማውጫው ኋላ ዘረጋ፣ አሸተተ፣ ሱሪው ላይ ጠረገና «ሞተሩ ይወርዳል» አለኝ። ሞተር ይወርዳል ማለት ከቦታው ተነቅሎ፣ ብሎን በብሎን ተፈትቶ፣ ውስጡ እንዳለ ይታደሳል ማለት ነው። መኪና ያለው ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ሐኪም «አልጋ ይያዝልህ» ያለው ያህል ይደነግጣል። የእሷ ዓይነት ዕቃ ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ከወረደች የሰርጉ ቀን አልፎ፣ መልሱም አልፎ፣ ክረምቱ ገብቶ ነው የምትነሳው። ካልወረደች ደግሞ ሙሽሪትን እንደያዘች መንገድ ላይ ቀጥ ልትል፣ አለዚያም ያንን ሁሉ ነጭ ልብስ ጥላሸት ልታለብስ ትችላለች። ላስብበት ብዬው ወጣሁ።

ሳስብ ለካ ማማከር እፈልጋለሁ። የካዛንቺስ ጎረቤቴ ለነበረና ዕድሜውን ታክሲ ሲነዳ ለኖረ ጓደኛዬ ደወልኩለት።

«ጭሱ ሰማያዊ ነው ጥቁር?» አለኝ።

«ምን ለውጥ አለው?»

«ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው፣ ይውረድ። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶባት ነው፣ ቀላል ነው። ነገ ጠዋት አይተህ ንገረኝ።»

በማግስቱ አስነሥቼ ከኋላዋ ቆምኩ። ፀሐዩ ሲያርፍበት ሰማያዊ ነው። ጥላው ውስጥ ሲገባ ጥቁር ነው። ተቀምጬ አየሁት፣ አጎንብሼ አየሁት፤ አከራዬ በመስኮት እኔን ያዩኛል። ሰማያዊ እንዳይሆን እየጸለየ የሚያይ ሰው ዓይኑን እንዴት ይመነዋል? ለጓደኛዬ «ሁለቱንም ይመስላል» አልኩት። «እሱ ነው ክፉው» አለኝና አዘነልኝ።

ከዚያ ነው ነገሩ የተቀየረው። እሱ ለሌላው ነገረ፣ ሌላው ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለዕድሩ ሴቶች። ካዛንቺስ ሱቅ የነበረው ባለሱቅ ጎረቤቴ ደውሎ «ሰማሁ እኮ፣ አላህ ያሽራት» አለኝ። ሌላው ወንድሙ ሞተር አስወርዶ የደረሰበትን መከራ ሲያጫውተኝ ዋለ። አንዷ ጭራሽ ጠበል አስረጫት አለችኝ፤ ቀልዷን መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። «እንዴት አደረች?» ነው የሚሉኝ፣ በሽተኛ ያለበት ቤት እንደሚደወለው። እኔም «ዛሬ ትንሽ ይሻላታል»፣ «ዛሬስ ብሶባታል» እያልኩ እመልሳለሁ።

ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ካዛንቺስን ከለቀቅሁ ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው የሎተሪና የባንክ መልእክት ሲገባ ብቻ ነበር። ጠዋት ቁርስ የምበላበት ቤት አስተናጋጇ የምፈልገውን ስለምታውቅ ሳልናገር ታመጣልኛለች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን በእሷ ጥሩነት የተነሳ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ የምውልበት ቀን ነበር። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ጉሮሮዬን ስጠርግ የራሴ ድምፅ ያስደነግጠኛል። ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲሉ ስሰማ ኖሬ፣ የሚያስታምመኝ ያገኘሁት በሞተር በሽታ ሆነ። እኔን ሳይሆን እሷን ነው የሚጠይቁት። ቢሆንም ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ።

ሰርጉ እየቀረበ ሲመጣ ግን ፈራሁ። ሌላ ሰው ይያት ብዬ ወደ ሰንጋ ተራ መውረጃ፣ ቂርቆስ ያለ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። የዚህኛው ጋራዥ ባለቤት በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰካ፣ ራሱን የሚያደንቅ፣ ወሬው የማያልቅ። «ሞተር ከእኔ ተደብቆ አያውቅም» አለኝ ገና እጄን ሳይለቅ። ጭሱን ዞር ብሎም አላየው።

«ምን ያህል ትነዳታለህ?» አለኝ።

«ብዙም አልነዳትም። ግን ጠዋት ጠዋት አሞቃታለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ሻዬ እስኪፈላ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አጠፋታለሁ።»

ሳቀ። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈትቶ አወጣቸውና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ከሰል ናቸው። የዘይት መለኪያውን መዝዞ አፍንጫዬ ሥር አመጣው፤ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ፒስተን ጉልበት የሚለካ ሰዓት መሳይ ነገር አመጣና እኔን ቁልፍ እያስመታ አንድ በአንድ ለካቸው። መርፌው በሄደበት ቁጥር «እይ» ይለኛል፣ እኔም አያለሁ። አራቱም እኩል ላይ ቆሙ።

«ይሄ ሞተር ጤነኛ ነው» አለ። «የምታሳምመው አንተ ነህ። ሲነሳ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቤንዚን በብዛት ይጠጣል። ሞቆ ሊያቃጥለው ሲል ታጠፋዋለህ። ያልተቃጠለው ጥላሸት ሆኖ ይጋገርበታል፣ የቀረው ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ነገም እንደዚያው። ማሞቅ አይባልም ይሄ።»

ምን ልበለው? አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ባሏ የሞተባት ሴት የባሏን መኪና፣ ልጁ የራቀበት አባት የልጁን መኪና፣ ባትሪው እንዳይሞት እያለ በየግቢው ሲያሞቅ የሚያረፍድ ከተማ ነው። እኔ ደግሞ ከካዛንቺስ ከወጣሁ ጀምሮ የምነዳበት አልነበረኝም። ማን ጋ ልሂድ? በሰልፍ እንጂ ብቻዋን የሄደችበትን ቀን እኔም አላስታውስም።

«እሺ፣ ጭሱ ግን ሰማያዊ ነው ጥቁር?» አልኩት።

«ጭስ ጭስ ነው። ንዳት» አለኝ።

ካንዴላ ቀየረ፣ ዘይት ቀየረ፣ ካርቡራቶሩን አጠበ። «ከከተማ አውጥተህ እስክትጮህ ንዳት፣ ጉድ ታያለህ» ብሎ ሸኘኝ። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ሳልጥድ የደብረ ዘይትን መንገድ ያዝኩ። ቃሊቲን እስክናልፍ እንደ ልማዷ ታጨሳለች። ከዚያ መንገዱ ተከፈተልን፣ ነዳጁን ረገጥኩላት። አንድ ጊዜ ከኋላዋ የተፋችው ጥላሸት ከእኔ ኋላ ያለውን አይሱዙ ሸፈነው፤ ሹፌሩ መብራቱን እያበራ እያጠፋ ሰደበኝ። ከዚያ ድምጿ ጠራ። እኔ ይህን ድምፅ ከሰማሁ ዘመን ሆኖኛል። ለሙሽራ እያዘገመች ስትኖር ጉሮሮዋን ለካ ረስቼው ነበር። መሪው እጄ ላይ ተረጋጋ፣ ንፋሱ በመስኮቱ ገባ፣ እኔም ብቻዬን ጮክ ብዬ «አንቺ!» አልኳት።

ደብረ ዘይት ሳልደርስ አንድ ዛፍ ሥር አቆምኩና ሳላጠፋት ወርጄ ወደ ኋላ ሄድኩ። ምንም የለም። መሐረቤን አውጥቼ ጭስ ማውጫው ላይ ያዝኩት፤ ውሃ ብቻ ነው ያረጠበው። ሰማያዊ የለ፣ ጥቁር የለ። ስልኬን አወጣሁ። ለታክሲ ነጂው ጓደኛዬ «ድናለች» ልለው ስሙን አገኘሁት። ጣቴ እዚያ ላይ ቆመ።

ዳነች ካልኩት ምን ይላል? «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ» ይላል። ለሌሎቹም ይነግራቸዋል፣ እነሱም እሰይ ይላሉ። ከዚያስ? ጤነኛ ሰው ማን ይጠይቃል? ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከሰዓት ሲደውልልኝ «ገና እየታየች ነው» አልኩት። ውሸት አይደለም፣ መካኒኩ አይቷት የለ እንዴ። ደግሞ ሌላም ነገር አሰብኩ፤ የሙሽሪት እናት ልትጠይቀኝ ስትመጣ ምንም ሳልናገር አስነሥቼ አስደንቃታለሁ። እንዲህ እያልኩ አጠብኳት፣ ወለወልኳት፣ የሪባኑን ማሰሪያ ኮፈኗ ላይ ለካሁ። ለራሴ ቁርስ ገዝቼው የማላውቀውን ብስኩት ለእንግዳ ገዝቼ አስቀመጥኩ። ሲጠይቁኝ ደግሞ «እንግዲህ ይውረድ ይሉኛል፣ አይውረድም ይሉኛል» እያልኩ ቀጠልኩ።

የሙሽሪት እናት አልመጣችም፤ ደወለች።

«ወንድምዬ፣ እንዴት ነህ? መኪናህስ?»

«እንዳለች ናት» አልኳት።

«ሁሉ ሰው የሚያወራው እሱን ነው። እኛም ጨንቆን ከረመ። እንምጣና እንጠይቀው ስንል፣ እሱ መቼም እምቢ ማለት አያውቅም፣ ሞተሩ ታሞበት እያለ ተሳቅቆ እሺ ይለናል፣ ከዚያ መንገድ ላይ ያቃጥለዋል አልን። አናውቅህም እንዴ? ስለዚህ አባቷ ሌላ መኪና ያዘ። አንተን እንዳናስጨንቅ ብለን ነው፣ እንዳይከፋህ።»

መኪናዋ በመስኮቱ ትታየኛለች፣ ከጥላው ሥር፣ ታጥባ። «ድናለች እኮ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። እሱን ብላት ምን ይሆናል? የያዙትን መኪና ሊተዉ ይቸገራሉ። ባይተዉት እኔን ባዩ ቁጥር ይሸማቀቃሉ። ደግሞ «ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ታማለች ያልከን ምን ሆነህ ነው?» ቢሉኝ መልስ የለኝም። ስልክ እንዲደወልልኝ ብዬ ነው ይባላል?

«ጥሩ አደረጋችሁ» አልኳት። «ባትይዙ ነበር የሚከፋኝ። ሞተሩ እኮ ወርዷል።»

ወርዷል ያልኩት ለእሷ እንዲቀልላት ነው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት።

«ወይኔ» አለች፣ ቀለል ሲላት ከድምጿ ይሰማኛል። «ልጅቷማ አልቅሳለች። ቅዳሜ ይዣት መጥቼ እንጠይቅሃለን፤ ሳንጠይቅህ ሰርግ ብንበላ ደግ አይደለም። የት ናት፣ ጋራዥ?»

«ጋራዥ» አልኩ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ይላል የአገሬ ሰው። ቁልፌን ይዤ ወጣሁ። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። እስከ ሰንጋ ተራ ድረስ ያለ አንዳች ጭስ፣ በጠራ ድምፅ ወሰደችኝ፤ የትራፊክ መብራት ላይ አንድ ወጣት መስታወቱን አውርዶ «አባቴ፣ ምን አይነት ውበት ናት» አለኝ። አመሰገንኩት።

«ምን ሆነች?» አለ መካኒኩ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ እየገፋ።

«ምንም። አውርድልኝ።»

«ምኑን?»

«ሞተሩን።»

የምቀልድ መስሎት ጠበቀኝ። አልቀለድኩም። «ጤነኛ ሞተር አውርጄ አላውቅም፣ ስሜን ልታጠፋው ነው?» አለኝ። ለሰው ወርዷል ብያለሁ አልኩትና ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፣ ስልኩንም ሳይቀር። ኮፈኗን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ ተወው።

«ተነሣች በላቸዋ። ዕቃ ተገኘ፣ ገጠምነው በል። እኔም እመሰክርልሃለሁ።»

«ሌላ መኪና ይዘዋል። ለእኔ ብለው የያዙትን ሊተዉ ነው? በሰርጋቸው ዋዜማ አባትና እናት ይጣሉልኝ?»

እሱም የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ገባው። ጓንቱን አንስቶ አስቀመጠው፣ እንደገና አነሳው። «ስንት ሞተር አውርጃለሁ፤ በይሉኝታ የወረደ ግን የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ኮፈኑን ከፈተና ከማጥፋቱ በፊት ትንሽ ተዋት። «ስማው» አለኝ። ጎን ለጎን ቆመን ሰማነው። ከዚያ እጁን ሰዶ ቁልፉን መለሰ።

ቅዳሜ እናትና ልጅ ብርቱካን በፌስታል ይዘው መጡ፤ በሽተኛ ጥየቃ ባዶ እጅ አይኬድም። ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ጋራዡ መሀል ላይ ነበር። እናቲቱ ከንፈሯን መጠጠች፣ «አይዞህ፣ ይነሳል» አለችኝ፤ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ። ሰው ከነካኝ ቆይቶ ነበርና እንባዬ መጣ። በሞተሩ ነው የመሰላት።

ልጅቷ ረዝማለች። ጥፍሮቿ ለሰርጉ ተሠርተዋል። ባዶውን የሞተር ቦታ አጎንብሳ ስታይ ቆየችና ወደ መካኒኩ ዞረች።

«ምኑ ነበር የተበላሸው?» አለችው።

ሞተር ተደብቆት የማያውቀው ሰው እኔን አየኝ። «መቆም ነው የጎዳት» አላት። ዋሸ ሊባል አይችልም።

በሩን ከፍታ መሪው ላይ ተቀመጠች። ማንም ሳያስተምራት ወንበሩን ወደፊት ሳብ አደረገች፣ በሁለት እጇ መሪውን ያዘች፤ እናቷ እንዳትሰማት ቀስ ብላ፣ በአፏ ሞተሩን አስነሣችው። ማርሽ አስገባች። አንድ አቀበት ያህል ሄደች። ከዚያ አቆመችና ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«ጋሼ፣ እኔኮ እያጨሰችም ቢሆን እሄድባት ነበር። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ።»

«ሙሽራ በጭስ አትሄድም» አልኳት።

ብርቱካኑን ልጬ ለአራታችን አካፈልኩ፤ ሞተሩ ከጎናችን በሰንሰለቱ ላይ ተንጠልጥሎ እስኪመሽ ተቀምጠን በላን።